ከወገብ የሚወሰደው ፈሳሽ፦ በወንድሜ የቲቢ ማጅራት ገትር ሕመም ያየሁት

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በአዳማም ሆነ በሌላ ከተማ ሕመምተኛቸውን ሆስፒታል አስተኝተው «ከወገቡ ፈሳሽ ወስደን መመርመር አለብን» የተባሉ ቤተሰቦች ከመፍቀዳቸው ወይም እንቢ ከማለታቸው በፊት እንዲያነቡት ነው። እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ታናሽ ወንድሜን በቲቢ ማጅራት ገትር፣ ማለትም ቲቢ የአንጎልን ሽፋን ሲያጠቃ በሚመጣው ሕመም፣ ያስታመምኩ እህት ነኝ። ስለ ሕክምናው የምጽፈው ያከሙት ሐኪሞች ያስረዱኝንና ከዚያም በኋላ አንብቤ ያረጋገጥኩትን ብቻ ነው።

ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከፍራንኮ ወደ ፖስታ ቤት ይመላለሳል። ሕመሙ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ፣ የአዳማ ነፋስና አቧራ በሚበረታበት ወቅት ነበር። መጀመሪያ የተናገረው ራሱን እንደሚያመው ብቻ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው ራሱን ቢያመው የሚገርም ስላልነበረ ምች ነው ተባለ፤ እናታችንም ዳማ ከሴ አሽታ አሸተተችው፣ ጨምቃም አጠጣችው። ራስ ምታቱ ግን አልለቀቀውም። ወደ ማታ ትኩሳት ቢጤ ይሰማዋል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቶ ሱሪው እስኪሰፋው ድረስ ከሳ።

በቅርብ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄዶ ደም ሰጠ። አዳማና አካባቢዋ ወባ የሚገኝበት ቦታ በመሆኑ አስቀድሞ የታየው ወባ ሲሆን እርሱ አልተገኘም፤ «ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ መርፌ ተጀመረለት። የታይፎይድ የደም ምርመራ ተብሎ በብዛት የሚሠራው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ሰውነት ከዚህ በፊት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ጭምር ስለሚያሳይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ «ተገኘ» መባሉ ሰውየው በአሁኑ ሰዓት ታይፎይድ እንደያዘው ማረጋገጫ አይሆንም። ይህን አጥብቄ የምጽፈው ሆስፒታል በቆየንበት ጊዜ ካነጋገርኳቸው አስታማሚዎች ውስጥ ብዙዎቹ «መጀመሪያ ታይፎይድ ተብሎ ነበር» ሲሉ ስለሰማሁ ነው። የታይፎይድ መድኃኒት ተወስዶ አልቆ ትኩሳቱና ራስ ምታቱ ከቀጠለ ያንኑ መድኃኒት መድገም ሳይሆን ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል።

ከሁሉ በላይ እንድታስተውሉት የምፈልገው ቀጥሎ የመጣውን ለውጥ ነው። ተጫዋች የነበረው ልጅ ዝምተኛ ሆነ። ለተሳፋሪ መልስ ሲሰጥ ይሳሳታል፤ ቁልፉን ባጃጁ ላይ ሰክቶ ትቶት ይገባል፤ በማይረባ ነገር እናታችን ላይ ይቆጣና ጥቂት ቆይቶ መቆጣቱን አያስታውሰውም። ጎረቤት «ለክፎታል» ማለት ጀመረ። ከዚያም አንዱን መኪና ሁለት አድርጎ እንደሚያይ ነገረኝ፤ ቀረብ ብዬ ሳየው ግራ ዓይኑ ወደ አፍንጫው ዞር ብሏል። ሥራውን ያቆመው ያን ዕለት ነው። ማስመለስ ሲጨመርበትና አንገቱን ወደ ደረቱ ማጠፍ ሲያቅተው በከተማችን ወደሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወሰድነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ቀኑንና ያለበትን ቦታ ጠየቀው፤ አንገቱን በቀስታ አጎነበሰው፤ ክፍሉን አጨልሞ በትንሽ መብራት የዓይኑን ውስጥ አየ። የዓይን ጀርባ የአንጎል ግፊት ምልክት የሚታይበት ቦታ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ዓይኑ መዞሩና ግራ መጋባቱ ግፊት ሊኖር እንደሚችል ስለሚጠቁም አስቀድሞ ሲቲ ስካን እንዲነሳ ታዘዘ። ምርመራው እብጠት ወይም መግል አላሳየም፤ በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ የሚቀመጥባቸው ክፍሎች ግን ሰፋ ብለዋል። ከዚህ በኋላ ነው «ከወገቡ ፈሳሽ እንወስዳለን፣ ፈርሙ» የተባልነው። ይህ ፈሳሽ አንጎልንና በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደውን ሕብለ ሰረሰር ከብቦ የሚገኝ ስለሆነ የአንጎል ሽፋን ሕመም በእርሱ ይመረመራል።

ቤተሰቡ ተረበሸ። እናታችን ሐኪሙን «ልጄ፣ ሽባ አድርጋችሁ እንዳትሰጡኝ» አለችው። አጎታችን ደግሞ ከዕድራቸው አባላት የአንዱ ልጅ ከጀርባው ውሃ ተቀድቶለት በማግሥቱ እንደሞተ ጠቅሶ፣ ልጁን ይዘን እንድንወጣ አዘዘ። ይህ ንግግር በየሆስፒታሉ ግቢ የሚሰማ ነው፤ ከእኛ ጎን የነበረ ሌላ ቤተሰብም ይህንኑ ብሎ ሕመምተኛውን ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ። ሰዎቹ ውሸት አይናገሩም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ይህ ምርመራ የሚታዘዘው አንጎሉ ወይም ነርቩ በበሽታ ለተጠረጠረ፣ ብዙውን ጊዜም ራሱን እስከ መሳት ለደረሰ ሰው ነው። ያልታከመ ማጅራት ገትር ይገድላል፤ የተረፈውንም ሊያደነቁር፣ ሊያሳውር ወይም እጅና እግሩን ሊያሰንፍ ይችላል። ስለዚህ ዘግይቶ የመጣው ሰው ሲሞት ወይም ሲሰንፍ በዓይን የታየችው መርፌዋ ትወቀሳለች፤ ያላየነው በሽታ ያለ ወቃሽ ይቀራል። በዚያ ላይ ቤተሰብ ምርመራውን በፈራ ቁጥር ፈቃዱን የሚሰጠው ሕመምተኛው እጅግ ከተዳከመ በኋላ ይሆናል፤ ውጤቱም ይከፋል፤ ወሬውም ይበረታል። ይህ ዑደት ከበሽታው እኩል የምፈራው ነገር ነው።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ከእናታችን አጠገብ ቁጭ ብሎ በወረቀት ጀርባ ላይ የሰው አከርካሪ ሣለላት። «እማማ፣ እርስዎ የሚፈሩት ሕብለ ሰረሰሩ ይወጋል ብለው ነው አይደል? እርሱ እዚህ ላይ ያልቃል» እያለ በእስክሪብቶ አሳያት። በዐዋቂ ሰው ሕብለ ሰረሰር የሚያበቃው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ሲሆን፣ መርፌው የሚገባው ከዚያ ዝቅ ብሎ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው አጥንት መካከል ነው። በዚያ ቦታ ያሉት ወደ እግር የሚወርዱ ነርቮች ብቻ ሲሆኑ፣ ከላይ ተንጠልጥለው ውሃ ውስጥ እንዳሉ ክሮች ስለሚንሳፈፉ መርፌው ሲመጣ ገለል ይላሉ። ፈሳሹ ራሱ በዐዋቂ ሰው 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሰውነት በቀን ግማሽ ሊትር ያህል እየሠራ ይተካዋል፤ ለምርመራ የሚወሰደው ጥቂት ሚሊ ሊትር በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። አጎታችን «ታዲያ ምንም ጉዳት የለውም ነው የምትለን?» ብሎ ሲጠይቀው «የለውም አልልም» አለ። አንዳንድ ሰው ለጥቂት ቀናት ራሱን እንደሚያመው፣ የወገብ ሕመምም እንደሚኖር፣ መድማትና መመርቀዝ ግን እምብዛም እንደማያጋጥም፣ ሲቲ ስካኑ የተነሳውም በአንጎል ውስጥ እብጠት ካለ ፈሳሹን መውሰድ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል መሆኑን አስረዳ። አጎታችንን ያሳመነው ይህ ሐቀኛ መልስ ይመስለኛል። ፈረምን።

በኋላ እንዳነበብኩት ይህ አሠራር ለሕክምና አዲስ አይደለም፤ ሃይንሪክ ክዊንከ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ዘዴውን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው።

ሲሠራ አብሬ ነበርኩ፤ ወንድሜን የሚይዝለት ሰው ስለተፈለገ ነርሷ እንድገባ ፈቀደችልኝ። በግራ ጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ደረቱ፣ አገጩንም ወደ ጉልበቱ አደረገ፤ እኔ ፊት ለፊቱ ሆኜ አንገቱንና ጉልበቱን እንዳቀፍኩ እንድቆይ ተነገረኝ። ጀርባው በቀስት ቅርጽ ሲጎብጥ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ቦታ ይከፈታል፤ ሕመምተኛው ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ሐኪሙ ጓንት አድርጎ ወገቡን በአዮዲን ደጋግሞ ጠረገው፤ ከዳሌው አጥንት አናት ተነስቶ በጣቱ እየዳበሰ ቦታውን ለየ፤ ማደንዘዣ ወጋው። ወንድሜ የጮኸው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ቀጭኗ መርፌ ስትገባ «የሚገፋ ነገር ተሰማኝ» አለ እንጂ አልጮኸም። ሐኪሙ የመርፌዋን የውስጥ ሽቦ ሲያወጣ ፈሳሹ በራሱ ጊዜ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፤ በስሪንጅ የሚመጠጥ ነገር የለም። ተራ በተራ በትንንሽ ብልቃጦች ተቀበለው። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ሲያየው እኔም አየሁት፤ ጥርት ያለ ነበር። መርፌዋ ወጣች፣ ቦታው በፋሻ ተሸፈነ፣ አበቃ። ወዲያውም የደም ስኳሩ ተለካ፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ስኳር ከደሙ ጋር ካልተነጻጸረ ትርጉም የለውም።

ውጤቱ በከፊል በዚያው ቀን ደረሰ። ፈሳሹ መጥራቱ ጤነኛ ነው ማለት አልነበረም፤ ውስጡ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በርክተዋል፣ ፕሮቲኑ ከፍ ብሏል፣ ስኳሩ ከደሙ ስኳር ከግማሽ በታች ወርዷል። በድንገት የሚመጣው የባክቴሪያ ማጅራት ገትር አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሹን ያደፈርሰዋል፤ የሚበዙትም ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። የኤች አይ ቪ ምርመራ እና በኤች አይ ቪ በተያዙ ሰዎች ላይ ለሚበረታው ክሪፕቶኮከስ ለሚባለው የፈንገስ ማጅራት ገትር የሚደረገው ምርመራም ተሠራ፤ ሁለቱም ነፃ አሉት። የቲቢውን ባክቴሪያ ዘረ መል የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት ደግሞ «አልተገኘም» ብሎ መለሰ።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከል ይመስለኛል። አጎታችን «ቲቢ የለበትም ማለት ነው» ብሎ ደስ አለው። ሐኪሞቹ ግን በፈሳሹ ውስጥ የሚገኙት ባክቴሪያዎች ቁጥር በጣም ትንሽ ስለሚሆን ምርመራው ሊስታቸው እንደሚችል፣ ሳምንታት የፈጀው ትኩሳት፣ ክሳቱ፣ የዓይኑ መዞር፣ የሲቲ ስካኑና የፈሳሹ ሁኔታ በአንድነት ወደ ቲቢ እንደሚያመለክቱ፣ ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ እስኪያድግ መጠበቅ ደግሞ ሳምንታት እንደሚወስድና ወንድሜ ያን ያህል ጊዜ እንደሌለው ነገሩን። መድኃኒቱን በዚያው ዕለት አስጀመሩት። የዚህ በሽታ ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው ሕክምናው ሲጀመር ሕመምተኛው በነበረበት ደረጃ ነው፤ ነቅቶ የሚናገር ሰውና ራሱን የሳተ ሰው ተስፋቸው እጅግ የተራራቀ ነው።

በአጠገቡ አልጋ ላይ የተኛው ተማሪ ሕመም ከወንድሜ ፈጽሞ የተለየ ነበር። ጠዋት ክፍል ገብቶ ተምሯል፤ ከሰዓት በኋላ ራሱን አሞት አተኮሰው፤ ማታ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ለእርሱ ሐኪሞቹ ምርመራውን አልጠበቁም፤ ሴፍትሪያክሰን የሚባለውን መርፌ ወዲያው ሰጥተው ፈሳሹን ከዚያ በኋላ ወሰዱ። አገራችን ከሴኔጋል ተነስቶ ኢትዮጵያ በሚደርሰው የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ትገኛለች፤ በዚህ ቀጠና ወረርሽኙ የሚነሳው በደረቁ ወቅት ነው። እንዲህ ያለው ማጅራት ገትር በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል ስለሚችል፣ ድንገተኛ ትኩሳት ከከባድ ራስ ምታት፣ ከአንገት መገተር፣ ከመንቀጥቀጥ ወይም ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም።

የወንድሜ መድኃኒት የቆየው 12 ወር ነው። የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ የቀሩትን 10 ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ የሚባሉትን ሁለቱን ወሰደ። በአገራችን የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ገንዘብ የጠየቀን ሲቲ ስካኑና የመኝታው ጊዜ ነው። ከዚሁ ጋር የአንጎልን እብጠትና ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ መጀመሪያ በመርፌ በኋላም በእንክብል ተሰጠው፤ ይህ መድኃኒት በቲቢ ማጅራት ገትር የሚሞቱትን ሰዎች ቁጥር እንደሚቀንስ በቬትናም የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ስቴሮይዱ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል እንጂ «ደህና ሆነልኝ» ተብሎ በአንዴ አይቆምም።

ፈሳሹ በተወሰደ ማግሥት ቁጭ ሲል የሚብስ፣ ጋደም ሲል የሚተወው ራስ ምታት ያዘው። እናታችን «ይኸው!» ብላ ደነገጠች። ነርሷ ይህ ከምርመራው የሚመጣ የታወቀ ራስ ምታት መሆኑን ነግራ፣ በብዛት እንዲጠጣና ጋደም እንዲል መከረች፤ ቡናም እንደሚረዳው ስትሰማ እናታችን በፔርሙስ ቡና ማመላለስ ጀመረች። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተወው።

ከዚያ ይልቅ ያስጨነቀን ሕክምናው ከተጀመረ ጥቂት ሳምንታት በኋላ የመጣው ነገር ነው። መሻል ጀምሮ የነበረው ልጅ እንደገና አተኮሰውና ራሱን አመመው። መድኃኒቱ እየሠራ፣ ባክቴሪያው እየሞተ ሳለ ሰውነት የሚያስነሳው ቁጣ ሕመሙን ለጊዜው ሊያብሰው እንደሚችል ያኔ ነው የተማርነው። ሐኪሞቹ መርምረው የስቴሮይዱን መጠን አስተካከሉ እንጂ የቲቢውን መድኃኒት አላቆሙም። እንዲህ ያለው ነገር ሲያጋጥም ወደ ሆስፒታል መመለስ እንጂ መድኃኒቱን ቤት ውስጥ በራስ ውሳኔ መጣል ነፍስ ያስከፍላል።

እናታችን ጸበል ልትወስደው ፈልጋ ነበር። የንስሐ አባቷ ቤት መጥተው ጸሎት ካደረሱለት በኋላ፣ ጸበሉን እየተጠመቀ መድኃኒቱንም ሳያቋርጥ እንዲውጥ፣ ሁለቱ እንደማይጣሉ ነገሯት። ከእኛ ሁሉ ክርክር ይልቅ ይህ የእርሳቸው ቃል እንደጠቀመ እመሰክራለሁ። በዚያው ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ ሲውጥ ቆማ የምታየው እርሷ ነበረች።

መድኃኒቱን ለሚጀምሩ ሰዎች ጥቂት ነገር ልጨምር። ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብንና እንባን ወደ ብርቱካናማ ይቀይራል፤ ደም አይደለም፣ አያስፈራም። አይሶናያዚድ እግርንና እጅን እንዳያደነዝዝ ቫይታሚን ቢ6 አብሮ ይሰጣል። የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ መሆን፣ የማያቋርጥ ማስመለስ ወይም የሽንት መጥቆር የጉበት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የዕይታ መደብዘዝ ወይም ቀይና አረንጓዴን መለየት አለመቻል ካለም ለሐኪም መነገር አለበት።

የጤና ጣቢያው ባለሙያዎች ቤታችን ያለነውን ሁሉ ለቲቢ መረመሩን። ቲቢ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በሳንባ ላይ ካለ እንጂ ከአንጎል ሽፋን ተነስቶ ስላልሆነ ወንድሜን ማግለል አላስፈለገንም፤ የሳንባው ፎቶም ንጹሕ ነበር። ነገር ግን እርሱም ባክቴሪያውን ያገኘው ከሆነ ሰው ነውና፣ የሚያስል ሰው በአካባቢው እንዳለ ተጠየቅን፤ ከአምስት ዓመት በታች የነበረችው ልጄም መከላከያ መድኃኒት እንድትወስድ ተደረገ። ሲወለዱ ክንዳቸው ላይ የሚወጉት የቢሲጂ ክትባት ሕፃናትን በተለይ ከዚህ ከአንጎሉ ቲቢ ይጠብቃል፤ ልጆቻችሁ መከተባቸውን ካርዳቸውን አይታችሁ አረጋግጡ።

ወንድሜ መድኃኒቱን ጨርሷል። ዓይኑ ወደ ቦታው የተመለሰው በወራት ሂደት ነው፤ የቅርብ ነገር መርሳቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም፣ የሚሠራበትን ሒሳብም ዛሬ ድረስ በደብተር ይይዛል። ወደ ባጃጁ የተመለሰው ሐኪሙ ዕይታውን አይቶ ከፈቀደለት በኋላ ነው።

ፈርሙ ስትባሉ ሐኪሙን ልትጠይቁት የምትችሉት ነገር አለ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ እኛን የገጠመን ሐኪምም በመጠየቃችን አልተከፋም። የአንጎል ግፊት ምልክት መኖሩን አይቶ እንደሆነና ሲቲ ስካን ያስፈልግ እንደሆነ፣ ውጤቱ እስኪመጣ መድኃኒት ይጀመር እንደሆነ፣ ፈሳሹ ለየትኞቹ ምርመራዎች እንደሚላክና ቲቢ በዚያ ውስጥ መኖሩን ጠይቁት። እናንተም የምታውቁትን አትደብቁ፤ ሕመምተኛው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ሲቆረጥ ደሙ ቶሎ የማይቆም ከሆነ፣ ወገቡ ላይ ቁስል ካለው፣ ተንቀጥቅጦ ከነበረ፣ ከክሊኒክ ወይም ከመድኃኒት ቤት የወሰደው አንቲባዮቲክ ካለ ማሸጊያውን ይዛችሁ አሳዩት፤ ቀድሞ የተወሰደ አንቲባዮቲክ በፈሳሹ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ሊሰውረው ይችላል።